ንድፉ ማን ጋ ነው?

በአማርኛችን ድሪቶ ክብር ያለው ቃል አይደለም። ድሪቶ የለበሰ ሰው ያጣ የነጣ ነው። እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረተ፣ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበር እስኪጠፋ ድረስ የከበደ ልብስ ነው ድሪቶ ማለት። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ደግሞ ተማሪ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ፣ ክሩ እንኳ ሳይደበቅ ያመጣውን ወረቀት “ድሪቶ” ብለን ነበር የምንመልሰው። ስድብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

አሜሪካኖች ግን ድሪቶን ጥበብ አድርገውታል። ኩዊልት ይሉታል። ቁርጥራጩን ጨርቅ በሦስት ማዕዘንና በአራት ማዕዘን ይቆርጡና ገጥመው ይሰፉታል። ከዚያ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ መሐሉ ላይ ሳሳ ያለ ጥጥ ይከታሉ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ በሚይዝ ስፌት ይወጉታል። አልጋ ይለበስበታል፣ ለልጅ ልጅ ይወረሳል፣ ሲያምር ሙዚየም ይሰቀላል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ከዚህ ሥራ ውስጥ ስለ አንዱ ዓይነት ነው። ስም ላውጣለትና ምስጢር ድሪቶ ልበለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንድፉን ያወጣው ሰው ሥዕሉን ለማንም አያሳይም። መጀመሪያ የሚነግራችሁ የቀለሙን ዓይነትና የጨርቁን ልክ ብቻ ነው፤ ከነጭ ይህን ያህል፣ ከሰማያዊ ይህን ያህል። ከዚያ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ አንድ አንድ ትእዛዝ ይመጣል። በዚህ ሳምንት መቶ ሦስት ማዕዘን ቁረጡ። በሚቀጥለው ሁለት ሁለቱን ግጠሙ። ምን እየሠራችሁ እንደሆነ፣ ኮከብ ይሁን አበባ ይሁን መሰላል፣ እስከ መጨረሻው ትእዛዝ ድረስ አይታወቅም። ቦኒ ሀንተር የምትባል ስመ ጥር ንድፍ አውጪ በያመቱ፣ አሜሪካኖች የምስጋና ቀናቸውን ባከበሩ ማግስት፣ አንድ እንዲህ ያለ ድሪቶ ስትጀምር በየአገሩ ያለ ሰፊ መቀሱን ያነሳል።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የዚህ ነገር ሱሰኛ ሆናለች። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ፣

“ምን እንደምትሠሪ ሳታውቂው ምኑ ነው የሚያስደስትሽ?” አልኳት።

“አንተ ደሞ!” አለችኝ። “ዕድሜዬን በሙሉ ስወስን ነው የኖርኩት። የቤቱን ዕዳ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የእናቴን ሕክምና። አሁን አንድ ሰው ‘ይቺን ቁረጪ’ ሲለኝ ዕረፍት ነው። ቀሪውን እሷ ታውቀዋለች።”

ይቺን “ቀሪውን እሷ ታውቀዋለች” የምትለውን ልብ በሉልኝ። እመለስባታለሁ።

ደስታው ለእኛም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ ያስታውሳል። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰው ሥራውን ትቶ ሬዲዮ ከብቦ ይቀመጥ ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነውና መጨረሻውን ማንበብ የፈለገ ገዝቶ ማንበብ ይችላል። ብዙው ሰው ግን መጠበቁን መረጠ። በዛብህ ምን ይሆን፣ ሰብለስ ምን ትሆን እየተባለ በየቤቱ ክርክር ነው። አለማወቁ ራሱ ጎረቤቱን የሚያገናኝ ወሬ ሆነ። ከትረካው በስተጀርባ ግን ነገሩን አስቀድሞ የቋጨ ደራሲ መኖሩን ሁሉም ያውቃል። አለማወቅ የሚጥመው የሚያውቅ ሰው እንዳለ ሲታመን ነው።

ሬዲዮ አድማጭ መጨረሻው ባያምረው የሚያጣው ጥቂት ምሽት ነው። ምስጢር ድሪቶ የሚሰፋው ግን የራሱን ጨርቅ አግብቷል። አደጋውም ከዚያ ይጀምራል። የአክስቴ ልጅ እንዳስረዳችኝ ከሆነ የመጀመሪያው አደጋ ልክ ነው። ቁራጭና ቁራጭ ሲገጠም ለስፌቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ጠርዝ ይተዋል። ይህ ጠርዝ በአንድ ሚሊ ቢሰፋ ከሁለቱም ቁራጮች አንድ አንድ ሚሊ ይበላል። ሃያ ስፌት ባለበት መስመር አራት ሴንቲ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ሥዕሉን የሚያይ ሰው ገና በሦስተኛው ስፌት “ኧረ ይቺ አልገጠመችም” ይላል። የማያየው ሰው ግን የሚያውቀው ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሁሉም ነገር ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ቀለም ነው። የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ አታውቁም። የመረጣችሁት ደማቁና ፈዛዛው በደንብ ካልተራራቀ፣ ኮከቡ ከሰማዩ ተደባልቆ ይቀራል። ሦስተኛው ደግሞ ጨርቁ መሐል ላይ ማለቁ ነው፤ ያው ዓይነት ሱቅ ላይ ዳግመኛ አይገኝም። የመጨረሻው አደጋ ከሁሉ ይከፋል። ሁሉም በልኩ ተሠርቶ፣ ሁሉም ገጥሞ፣ ሲዘረጋ ግን አይወዱትም። ስፌት ይተረተራል። መቀስ የነካው ጨርቅ ግን ወደ ጣቃው አይመለስም።

ስለ ጨርቅ ይህን ያህል ካልኩ፣ ሰው ጥበቡን በጨርቅ ሳይሆን በገላው ላይ ወደሚያኖርበት አገር ልውሰዳችሁ። ሳያዩ መሠራትን በቅርብ ያየሁት እዚያ ነውና። ከጂንካ ተነስተን በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ አድርገን ነው ኮልቾ የደረስነው። ኮልቾ የካራዎች መንደር ናት። ካሮ የሚላቸውም አለ። ቁጥራቸው ከጥቂት ሺህ አይዘልም። መንደሪቱ ገደል አናት ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ የኦሞ ወንዝ እንደ ቀለበት ታጥፎ ያልፋል። ያን ያየ ሰው ለትንሽ ጊዜ አፉን ይዘጋል።

ካራዎች በገላ ቅብ የታወቁ ናቸው። ነጩ ከኖራ መሰል አፈር፣ ቢጫው ከድንጋይ፣ ቀዩ ብረት ካዘለ አፈር፣ ጥቁሩ ከከሰል ነው። በውሃ ይበጠበጥና በጣት ወይም በእንጨት ስንጥር ይቀባል። ነጠብጣቡ አንዳንዴ የጅግራ ላባ ይመስላል። ለጭፈራ፣ ለበዓል፣ ከብት ለሚዘለልበት ሥርዓት ይቀባሉ፤ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለካሜራም ጭምር።

አንድ ወጣት ተቀምጦ እኩያው ጀርባውን ይቀባዋል። ሲጨርስ ወጣቱ ብድግ አለና ወደ መኪናችን መጣ። በስፖኪዮው ፊቱን አየ፣ አገጩን ቀና አደረገ፣ ደስ አለው። ጀርባው ግን በስፖኪዮ አይታይም። አስጎብኚያችን የጂንካ ልጅ ነው፤ ጠይቅልኝ አልኩት።

“ጀርባህ ላይ ምን እንደተሳለ ታውቃለህ ወይ በለው።”

ጠየቀው። ወጣቱ ጓደኛውን በአገጩ አሳየ።

“እሱ ያውቀዋል ነው የሚለው፣ ጋሼ።”

“ካላማረስ?”

ይህን ሲሰማ ሁለቱም ሳቁ። አስጎብኚው ራሱ ሳቁን ሳይጨርስ ተረጎመልኝ።

“ነገ ቀቢው እኔ ነኝ ይላል።”

እንግዲህ የኮልቾ ልጆች ምስጢር ድሪቶ ይቺ ናት። ልጁ ጀርባውን ሳያይ የሚሰጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ተራው ስለሚደርስ ነው። የዛሬው ቀቢ ነገ ጀርባውን ያዞራል። ዛሬ ያበላሸ ነገ ይበላሽበታል። ደግሞም ቅቡ አፈር ነው፤ ካላማረ ኦሞ ከሥር አለ፣ ወርዶ መታጠብ ነው። ተራው መዳረሱና ጥፋቱ መታጠቡ፣ እነዚህ ሁለቱ ካሉ ሳያዩ መሥራት ጨዋታ ነው። ንድፍ አውጪዋም ብትሆን ድሪቶውን መጀመሪያ ራሷ ሰፍታ፣ ራሷ ዘርግታ ነው ለሰው የምታድለው።

ካሜራው ሲመጣ ግን አንደኛው ጎደለ። ቱሪስቱ ያነሳል፣ በአንድ ወቅት በሁለት ብርና በአምስት ብር ይቆጠር የነበረውን ሒሳብ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ሥዕሉ የት አገር፣ የማን ግድግዳ ላይ፣ ከምን ጽሑፍ ጋር እንደሚሰቀል የተነሳው ልጅ አያውቅም። ካሜራ የያዘው ሰው ነገ ጀርባውን አዙሮ “በል አንተ ደግሞ ቅባኝ” አይልም። ይህም ሆኖ ገና ቀላሉ ነው። ቅቡ ማታ ይታጠባልና።

ከባዱ ወንዙ ነው። ኦሞ በደጋው ዝናብ ሞልቶ፣ ክረምቱ ሲያበቃ ዳርቻውን አልፎ ይወጣ ነበር። ሲመለስ ደለል ትቶ ይሄዳል። ካራዎች በዚያ እርጥብ አፈር ላይ ማሽላቸውን ይዘራሉ። ዘንድሮ ውሃው እስከየት ይወጣል የሚለው የያመቱ ምስጢር ነው፤ አንዳንዱ ዓመት ይከፋል፣ አንዳንዱ ይተርፋል። ወንዙ ግን በያመቱ ተራውን ጠብቆ ይመለስ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ከላይ ጊቤ ሦስት መሠራት ጀመረ። ቁመቱ 243 ሜትር፣ ኃይሉ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ጥር 2003 ዓ.ም. ላይ ጂንካ ውስጥ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለዞኑ ስለታሰበው ትልቅ የመስኖ ልማት ተናገሩ፤ የስኳሩ ዕቅድም ተከተለ። በ2007 ዓ.ም. ግድቡ ውሃ መያዝ ጀመረ፣ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። በአካባቢ ጥናቱ ሰነድ ላይ በያመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል የሚል ነበር። ሰዎቹ የለመዱትና ማሽላቸውን ያደረሱበት ጎርፍ ግን ቀረ።

ግድቡ አያስፈልግም ልል አይደለም። ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ላይ መብራት አብርቼ ነው፤ መብራቱም ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የምለው ሌላ ነው። ለኮልቾ ገበሬ ይህ ሁሉ የደረሰው እንደ ምስጢር ድሪቶ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ ነው። ዘንድሮ ይህን አድርጉ፣ ለከርሞ ወደዚህ ተጠጉ፣ ውሃው በቱቦ ይመጣል፣ ማሽላው በመስኖ ይሆናል። ንድፉ ሩቅ ያለ ቢሮ ውስጥ ነው፣ የሚቆረጠው ግን የእሱ ዳርቻ ነው። ንድፍ አውጪው ነገ ማሽላውን ኦሞ ዳር አይዘራም፤ ተራ የለም። የቀረውን ጎርፍ ደግሞ ወርደው አይታጠቡትም፤ የሚታጠቡበት ወንዝ ራሱ ነው የተቆረጠው።

የአክስቴ ልጅ “ቀሪውን እሷ ታውቀዋለች” ስትል ማረፏ ትክክል ነው። የምታምናትን ታውቃታለች፣ ያለፉትን ድሪቶዎቿን አይታለች፣ ቢከፋ ቢከፋ የምታጣው አሥር ክንድ ጨርቅ ነው። ያንኑ ዓይነት ዕረፍት፣ እርሻውን ላስረከበ ሰው “አንተም እረፍ፣ የሚያውቅ ያውቀዋል” ብለን ስንሰጠው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እኛ የተማርን የምንባለው ሰዎች ይቺን “የሚያውቅ ያውቀዋል” እንወዳታለን፤ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እኛው ስለሆንን።

ሥራውን መሞከር ለሚፈልግ ጨርቁ ችግር የለውም። የየሰፈሩን ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ለምኖ አንድ ወዳጁን ንድፍ አውጣልኝ ማለት ነው። ግን በሚቀጥለው ዓመት ተራ መቀያየር አለባችሁ። በኦሞ ዳርም ሆነ በሌላው ወንዛችን ዳር የሚመጣ ሌላ ንድፍ ካለ ደግሞ፣ መቀሱ ከመነሳቱ በፊት ሥዕሉ ተዘርግቶ ይታይ። የጨርቁ ባለቤት አይቶት “ኮከቡ ደስ አላለኝም” ለማለት የሚችለው ያኔ ብቻ ነው።

ቸር ይግጠመን።