ታታን ስንቆጥር

መጀመሪያ ያየሁት ጨው ላይ ነው። አባቴን ለልብ ሕክምና ሙምባይ ይዤው ሄጄ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ማብሰያ ያላት አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ምስር ወጥ ልሠራለት መደርደሪያውን ስከፍት አንድ ኪሎ የታሸገ ጨው አገኘሁ። “ታታ” ይላል። እኔ ታታን የማውቀው በጭነት መኪና ነው።

“አባዬ፣ የጭነት መኪና ጨው አገኘሁልህ!” አልኩት። ሐኪሙ ጨው ከልክሎታል፤ ቢሆንም ሳቀ። ከመጣን ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ገና ነው።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመርን። ቀዶ ሕክምናው አምስት ቀን ይቀረዋል። ሥራ የለንም፣ ያለን ፍርሃት ብቻ ነው፤ ስለ ፍርሃቱ ከማውራት ደግሞ ታታ መቁጠር ይቀላል። ሻዩ ታታ። በመስኮት የምናየው መኪና ግንባር ላይ ታታ። የመብራት ሒሳቡ ላይ ታታ ፓወር። የአባዬን ደም ግፊት የምትለካው ነርስ ያሰረችው ሰዓት ታይታን ነው፤ ስልኬ ላይ ስፈልግ እሱም የነሱ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን ነፋስ እንዲያገኝ ብዬ ባሕሩ ዳር፣ ጌትዌይ ኦፍ ኢንዲያ ወሰድኩት። እዚያ የቆመው ታጅ ማሃል ፓላስ ሆቴልም በፈረንጆቹ 1903 የተከፈተ የታታ ሆቴል ነው። አባዬ ቀና ብሎ አየውና፣

“ሰውየው አለ ወይስ ሞቷል?” አለኝ።

ሰውየውማ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጃምሼትጂ ታታ የንግድ ቤቱን የመሠረተው በ1868 ነው። አባዬ ሲተኛ ሳነብ አመሻለሁ። ጄ.አር.ዲ. ታታ በ1932 ያቋቋመውን አየር መንገድ መንግሥት በ1953 ወረሰው፤ ኤር ኢንዲያ በ2022 በግዢ ተመልሶ ታታ እጅ ገባ። የኔም ሙያ ውስጥ አሉ፤ ቲ.ሲ.ኤስ. የሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያቸው ብቻውን ከ500 ሺህ በላይ ሠራተኛ አለው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የዋናው ኩባንያ 66 በመቶ ድርሻ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መሆኑ ነው።

ለአባዬ ስነግረው “ጥሩ ሰዎች ናቸዋ!” አለ።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ኮድ ስጽፍ የምፈራው ነገር አለ፤ ሁሉ ነገር አንድ ላይብረሪ ላይ ከተንጠለጠለ፣ እሱ የተበላሸ ቀን ሁሉም ይወድቃል። የሠራው ሰው ደግ መሆኑ ይሄን አይቀይረውም። “ጨውህም መብራትህም አውሮፕላንህም የአንድ ቤት ከሆነ፣ የተጣላህ ቀን የት ትሄዳለህ?” አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። “ያንተስ?”

“የኔ ምን?”

“መንገድ የምታሳየኝ በስልክህ። ከባለሱቁ ጋር በህንድኛ የምትግባባው በስልክህ። ይሄን ሁሉ ወሬ ያነበብከውም እዚያው ላይ ነው። እሱስ የማን ነው?”

ካርታው ጉግል። ትርጉሙ ጉግል። የሆስፒታሉ ደብዳቤ የገባው ጂሜይል፣ ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው አንድሮይድም የጉግል። ስንት ቀን ሙሉ ታታን ስቆጥር፣ የምቆጥርበትን ዕቃ አንዴም አልቆጠርኩትም። ታታ እንኳ ስሙን መኪናው ግንባር ላይ በትልቁ ጽፎ ነው የሚመጣው። የኔው ግን እንደ አየር ሆኗል። የአባቴ የምርመራ ውጤት፣ የቀጠሮው ቀን፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። የተጣላሁ ቀን የት እንደምሄድ እኔም አላውቅም።

አባዬ ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ለመቁጠር ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ማታ ገብቼ ሳየው ዙሪያውን ማሽን ከቦታል፤ ሁሉም ላይ የኩባንያ ስም አለ። አላነበብኩትም። የማንም ይሁኑ፣ እንዲሠሩ ብቻ ነበር የፈለግሁት። እነዚህ ስሞች እንዲህ የሚገዝፉት እንዴት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ይመስለኛል። የጨነቀው ሰው የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

አሁን አዲስ አበባ ነን፤ አባዬ ደህና ነው። ከሙምባይ በሻንጣው አንድ ኪሎ ጨው ይዞ መጣ። እሱ አይቀምሰውም፤ ወጥ ውስጥ የምትጨምረው እናቴ ናት። “ጥሩ ጨው ነው” ትላለች። የማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልጠየቀችም።