ተራ ያለው ገበያና ተራ የሌለው ገበያ

አዲስ አበባን ሊጐበኝ የመጣ እንግዳ መርካቶን ሳያይ መመለስ እንደማይወድ የታወቀ ነው። የከተማው ነዋሪ ግን ዕቃ ካላስፈለገው በቀር ወደዚያ አይወርድም፤ እንዲያውም ዛሬ ዛሬ ዕቃ ሲያስፈልገው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሌላ ገበያ ይከፍታል። ይህ ሁለተኛው ገበያ ሌሊትና ቀን አይዘጋም፤ ሸማቹ ወደ እርሱ መሄድ ሳያስፈልገው እርሱ ራሱ ወደ ሸማቹ ይመጣል። በዛሬው ጽሑፋችን አንባቢያችንን ይዘን ሁለቱንም ገበያ እንዞራለን። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው፣ በአንደኛው ሞልቶ በሁለተኛው የጎደለ አንድ ነገር ያገኛል ብለን እናምናለን።

ከአራዳ ወደ መርካቶ

የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። በዚያ ዘመን ገበያ መሸጫና መግዣ ብቻ አልነበረም፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስፍራ ስለ ሆነ ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ የሚነገረው በገበያ ነበር። በ1934 ዓ.ም. መንግሥት የሕግ ጋዜጣውን ሲያቋቁም «ነጋሪት ጋዜጣ» የሚል ስም የሰጠው ከዚሁ የአዋጅ ከበሮ ወስዶ ነው።

ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። «መርካቶ» በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው፤ ስለዚህ «መርካቶ ገበያ ልሄድ ነው» የሚል ሰው ሳያስበው «ገበያ ገበያ ልሄድ ነው» ማለቱ ነው። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ከእኛ ዘንድ ቀረ፤ ገበያውም እየሰፋ ከተማ አከለ።

ዛሬ በአውቶቡስ ተራ በኩል የገባ እንግዳ በመጀመሪያ የሚቀበለው ጩኸት ነው። ተሸካሚው ጆንያ በጫንቃው አድርጎ «መንገድ! መንገድ!» ይላል። ደላላው ክንድ ይይዛል። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደወልና የአንዋር መስጊድ አዛን በጉርብትና ይሰማሉ። መጤው «እዚህ ውስጥ ምን ይገኛል?» ብሎ ግራ ይጋባል።

ነገር ግን መርካቶ ጩኸት ብቻ አይደለችም፤ ሥርዓት አላት፤ ሥርዓቷም ተራ ይባላል። ልብስ የሚሻ ወደ ሸማ ተራ ይሄዳል፤ ይህ ሰፈር በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በደረሰበት ከባድ የእሳት ቃጠሎ ብዙ ንብረት ጠፍቶበታል። የመኪና መለዋወጫ የቸገረው ወደ ሶማሌ ተራ ይሻገራል። በርበሬ ተራን ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ማስነጠስ ሲጀምርዎ ደርሰዋል ማለት ነው። አሮጌ ብረት፣ ባዶ ቆርቆሮና የተጣለ በርሜል ታድሶ ሌላ ዕቃ የሚሆነው ደግሞ በምናለሽ ተራ ነው።

ተራ ለሸማቹ ሁለት ነገር ያደርግለታል። አንደኛ፣ የሻጩ ቃል በሚመለከተው ሰው ጆሮ ላይ ይወድቃል፤ በርበሬ ተራ ቆሞ ጎማ ለሚፈልግ ሰው ዛላ የሚያሞግስ የለም። ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ የያዙ ሃያ ሻጮች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አንዱ ቢያጋንን ጎረቤቱ ይሰማዋል፤ ገዢውም ሦስት እርምጃ ተራምዶ ሌላውን ይጠይቃል። «የማረቆ ነው» የተባለውን በርበሬ ሰብሮ ያሸታል፤ ፍሬውን ያያል፤ ቀለሙን በመዳፉ ይፈትናል። ቃሉና ዕቃው አንድ መደብ ላይ ናቸው።

ይህን ስንል መርካቶ የጻድቃን መንደር ናት ማለታችን አይደለም። በዚያም ቃል ያረጃል። ለምሳሌ ያህል ቅቤን እንውሰድ። ሸኖ በቅቤዋ የታወቀች የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። የሸኖ ቅቤ ስሙ ስለ ገነነ ከየትም የመጣ ቅቤ ሁሉ ሸኖ መባል ጀመረ። አንዲት ወጣት ከአንዲት ባልቴት ሻጭ ዘንድ ቆማ ስትከራከር ሰምተናል።

«እማማ፣ ይኼ ሸኖ ነው?»

«ሸኖ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ሸኖ አይደለም የሚል ሻጭ ግን አለ?»

ባልቴቷ ሣቁ። ቅቤውን በጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው በልጅቱ መዳፍ ላይ አደረጉላት፤ «ስሙን ተዪው፤ ቅመሺው» አሉ።

በዚህች አነጋገር ውስጥ የገበያ ሕግ ሁሉ አለ። ስሙ ቢያረጅ ጣዕሙ ይመሰክራል፤ ጣዕሙ ባይመሰክር ልጅቱ ትሄዳለች።

በኪስ ውስጥ ያለው ገበያ

አሁን ወደ ሁለተኛው ገበያ እንግባ። ይህኛው ዕድሜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ክሬግ ኒውማርክ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪ ለወዳጆቹ በኢሜይል መላክ የጀመረው ዝርዝር በኋላ ክሬግስሊስት የተባለ የማስታወቂያ ገበያ ሆነ። በዚያው ዓመት ፒየር ኦሚድያር ኢቤይን መሠረተ። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ የተባለውን ገበያውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በአገራችንም የቴሌግራም ቻናሎች ሱቅ ሆኑ፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህም ገንዘቡ ራሱ በስልክ መሄድ ቻለ። ጥቅሙን አንክድም። ከክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ሠራተኛ አሮጌ ጠረጴዛ ወይም ያገለገለ ምድጃ ከመኝታው ሳይነሣ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ይህ ገበያ ተራ የለውም። ተራ ስለሌለውም ለማን ምን እንደሚያሳይ ይገምታል። ዕድሜን፣ ጾታን፣ ከተማን፣ የተመለከቱትን ገጽና የነኩትን ሥዕል እየመዘገበ «ይህ ሰው ይህን ሳይፈልግ አይቀርም» ይላል። ግምቱ አንዳንድ ጊዜ ይሰምርለታል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያስቃል። ማቀዝቀዣ ለመግዛት ዋጋ ያጠያየቀ ሰው፣ ዕቃውን ከሰፈሩ ሱቅ ገዝቶ ወጥ ካስቀመጠበት በኋላ የማቀዝቀዣ ማስታወቂያ ለሳምንታት ይከተለዋል፤ መሣሪያው መፈለጉን አይቷል፣ መግዛቱን አላየም። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በዱባይ ለሚኖረው ወገናችን የታሰበ፣ በዶላር የሚከፈል የአፓርታማ ማስታወቂያ፣ ሁለቱም የአማርኛ ገጽ ስለሚያነቡ ብቻ፣ በስድስት ኪሎ ማደሪያ ተኝቶ የነገውን ቁርስ በሚያስብ ተማሪ ስልክ ላይ ይበራል። መሣሪያው ያልሳተውን ደግሞ ሻጩ ራሱ ያስተዋል፤ አንዱን የኤክስካቫተር ኪራይ ማስታወቂያ በፈተና ጥያቄ መለዋወጫውም፣ በዕድርተኞች መልእክት መቀባበያውም፣ በአብሮ አደጎች ማኅበርም ይለጥፈዋል።

ያልተጠራ ሻጭ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረውና «ቁራሌው!» እያለ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰው ሳንጠራው በራችን ይደርሳል። ግን ምን እንደሚፈልግ በአንድ ቃል ይናገራል፤ የሌለን እንደ ሆነ ጥጉን ታጥፎ ይሄዳል። የስልኩ ሻጭ ጥግ የለውም።

ቃል ሲያረጅ

ተራ የጠፋበት ገበያ ሁለተኛ ጉዳት አለው፤ እርሱም በቃላት ላይ የሚደርሰው ነው። ሻጩ ማን እንደሚሰማው አያውቅምና ለሁሉም ይጮኻል፤ ለሁሉም የሚጮኽ ደግሞ ለማንም የማይከብድ፣ ለሁሉም የሚስማማ ቃል ይመርጣል። ስለዚህ ጫማው «ኦሪጅናል»፣ ሶፋው «ሉክዠሪ»፣ ሰዓቱ «ስማርት»፣ ቅናሹ «ለመጨረሻ ጊዜ» ይሆናል። ለመጨረሻ ጊዜ የተባለው ቅናሽ በሚቀጥለው ወር እንደገና ለመጨረሻ ጊዜ ይመጣል። ዋጋው ግን «በኢንቦክስ» ነው። ማለትም፣ ሊነገር የሚገባው አንድ ቁጥር ተደብቆ፣ ምንም የማይናገሩ አሥር ቃላት ይፎክራሉ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1994 ሆትዋየርድ በተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ የኤቲ ኤንድ ቲ ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ካዩት ሰዎች ከመቶ 44ቱ ያህል እንደ ነኩት ይነገራል። ዛሬ ካዩት ከመቶ አንዱ እንኳ የማይነካው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ብዙ ነው። ዓይናችን አልደከመም፤ ቃሉ ተመነዘረ እንጂ። እንደ ብር ኖት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ጽሕፈቱ ጠፋ።

እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎችም በዚህ ነገር ላይ መፍረድ ያስቸግረናል። ከአንድ ሪፖርት ውስጥ «ባለድርሻ አካላት»፣ «ቅንጅታዊ አሠራር»፣ «ዘላቂ»፣ «አቅም ግንባታ» የተባሉትን ቃላት ነቅለን ብናወጣ ስንት ገጽ ይቀራል? እነዚህ ሲወለዱ ትርጉም ነበራቸው። ባለድርሻ የተባለው በእርግጥ ድርሻ ያለው ሰው ነበረ። ያለ ቦታቸው ስለ ተጠሩ ግን ልክ እንደ ሸኖ ቅቤ ሆኑ፤ ልዩነቱ ሪፖርትን በጣት ቆንጥሮ የሚያቀምስ አለመኖሩ ነው።

«ከቦሌ 10 ደቂቃ»

ነገሩ የሣቅ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ ባበቃን። ባለፈው ክረምት ግን አንድ አዲስ ተቀጣሪ ወዳጃችን ቤት ሲፈልግ በስልኩ አንድ ማስታወቂያ አገኘ። «ሉክዠሪ ስቱዲዮ፤ ከቦሌ 10 ደቂቃ፤ ለአስፋልት ቅርብ፤ ያሉን ጥቂት ቤቶች ናቸው፤ ይፍጠኑ» ይላል። ኪራዩ ከደመወዙ ጋር ይስማማል። አከራዩ በስልክ «ሌላ ሰው እየመጣ ስለ ሆነ ቀብድ ላክና ላስቀምጥልህ» አለው። ወዳጃችን «መጀመሪያ ቤቱን ልየው» ብሎ አብረን ሄድን።

ከመገናኛ ታክሲ ይዘን እስከ አያት ደረስን፤ ከአያት ሌላ ታክሲ፣ ከታክሲው ደግሞ ባጃጅ። አስፋልቱ አለቀ፤ ኮረኮንቹ ተከተለ፤ ኮረኮንቹም አልቆ ጭቃ ሆነ። ከቦሌ 10 ደቂቃ የሚሆነው በአውሮፕላን ካልሆነ በቀር በምንም እንዳልሆነ በመንገድ ላይ ተስማማን። በተባለው ምልክት ስንደርስ ግንቡ ያላለቀ ሕንፃ ቆሟል፤ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ካፖርታቸውን ደርበው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጤና ይስጥልን፣ አባባ፤ የሚከራይ ቤት አለ ተብለን ነበር።»

«እናንተም በስልኩ ነው የመጣችሁት?» አሉን። «እዚህ የሚከራይ ቤት የለም፣ ልጆቼ። ባለቤቱም እንዲህ ያለ ነገር አላወራም። ገንዘብ ሰጥታችኋል?»

አልሰጠንም አልናቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሳምንት በፊት አንዲት አስተማሪ ፍራሽዋንና ድስትዋን በባጃጅ ጭና መምጣቷን ነገሩን። ቀብዱን ልካ ነበር። ስልኩን ደጋግማ ደወለች፤ አልተነሣም። ዝናብ ስለ ነበረ ዘበኛው ፍራሹን ከጣሪያ ሥር አስገቡላት፤ እስኪያባራ ተቀምጣ ወደ መጣችበት ተመለሰች።

ያቺን አስተማሪ «ስታጣሪ ምን ነበረሽ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። በመርካቶም ቀብድ ይከፈላል፤ ዕቃው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጎረቤት ሻጭ እያየ፣ ሱቁም ነገ በቦታው እንደሚገኝ ታውቆ። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» የሚባለው ባለዕዳው የት እንደሚገኝ ሲታወቅ ነው። እርሷ የተታለለችው ሁላችን በየቀኑ ሰምተን ችላ በምንላቸው ቃላት ነው፤ «ቅርብ»፣ «ምቹ»፣ «ይፍጠኑ»። ባዶ ቃልን በዝምታ ማሳለፍ ከለመድን፣ ባዶው ቃል አንድ ቀን ቤት የቸገረውን ሰው ያገኘዋል።

ሸማቹ ምን ያድርግ?

ሕግ አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የታተመውም በዚያው በከበሮው ስም በተጠራው ጋዜጣ ነው። ነገር ግን ሕግ በየስልኩ ዘብ አይቆምም። ስለዚህ ተራ የሌለውን ገበያ በራሳችን እጅ ተራ ልናስይዘው ይገባል። ዋጋ ያልጻፈን ሻጭ ዋጋ መጠየቅ፤ «ቅርብ» ሲል «በስንት ብር ታክሲ?» ማለት፤ «ኦሪጅናል» ሲል የት እንደ ተሠራ ማስነገር፤ ቤት ሳይታይ፣ ዕቃ ሳይዳሰስ ቀብድ አለመላክ። ሱቅ አለኝ የሚልም ከሆነ የሱቁን ቦታ ጠይቆ በእግር መሄድ ነው። ስለ ሪፖርትም ቢሆን ይኸው ነው፤ «ዘላቂ» ብለን ስንጽፍ ስንት ዓመት እንደ ሆነ በቁጥር እንጨምርበት።

የቅቤ ሻጯ ባልቴት ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ጨርሰውታል። ስሙን እንተወውና እንቅመሰው። ለመቅመስ የማይፈቅድ ሻጭ ቢያጋጥመን ደግሞ ሦስት እርምጃ ተራምደን ወደ ሌላው እንለፍ።