ቡና ነው፤ ወባ ነው፤ ጣፊያ ነው

ዕጢ የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ደርቦ ይዟል። ተፈጥሮ በሰውነታችን ያኖረቻትንም፣ ያለቦታው በቅሎ የሚያድገውንም በአንድ ስም እንጠራለን። እንግዲህ በኩላሊት አናት ላይ ቆብ መስላ በተቀመጠችው በአድሬናል ዕጢ ላይ ሌላ ሲበቅልባት «የዕጢ ዕጢ» ልንል ነው! ያስቃል፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ጤነኛዋ አድሬናል ከ4 እስከ 5 ግራም ብትመዝን ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት። ከመሐሏ የሚነሣው ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባለው እብጠት ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ትርታ በየጊዜው እያስነሣ፣ የደም ግፊትንም ሽቅብ እየሰደደ ይመጣል። ይህን እኛም በየማደሪያችን ሸምድደነዋል። በሽተኛው ግን እንደ ፈተና ጥያቄ ተስተካክሎ አይመጣም።

ቦንጋና ጠቅላላው ካፋ ላይ ደግሞ ለሁሉም ምልክት የተዘጋጀ መልስ አለን። ልብ ሲመታ «ቡና አብዝተሽ ነው» እንላለን፤ የቡና አገር ሰው ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጣ አይውልማ! ላብና መንቀጥቀጥ ከሆነ፣ ከጎጀብ ቆላ ለመጣ ሰው ወባ ነው። በግራ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ጠጠር ያለ ነገር ሲዳሰስስ? ወባ የተመላለሰበት ሰው ጣፊያው ማበጡ ያለ ነውና ጣፊያ ይባላል። ሆድ ሲነፋ ጨጓራ። መልሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው፤ የሚያዘናጉንም ልክ በመሆናቸው ነው።

የባሰው ይኸውላችሁ። እብጠቱ ሲገዝፍ ምልክቱም አብሮ የሚገዝፍ ይመስለናል። ሁልጊዜ አይደለም። ከ10 ሴንቲ ሜትር ያለፈው ግዙፉ፣ ያመነጨውን ኬሚካል እዚያው በውስጡ እየሰባበረ ወደ ደም የሚለቀው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ደህና ነው፤ ሰውዬው «ጎኔን ከበደኝ፣ ቶሎ እጠግባለሁ» ከማለት በቀር ሌላ የለውም። አንዳንዱም በስኳር፣ በክሳት፣ በትኩሳት፣ በልብ ድካም ተሸፍኖ ይመጣል። ከዕጢዋ ቅርፊት የሚነሣው ካንሰርም ድምፁን አጥፍቶ ሊያድግ ይችላል፤ ሆርሞን ካበዛ ግን ፊት ይከባል፣ ሴቷም ጢም ታበቅላለች።

አልትራሳውንድ እብጠቱን ሲያሳይ እጅ ወደ መርፌ ይሮጣል፤ ናሙና ለመውሰድ። ኧረ ቆይ! ፊዮክሮሞሳይቶማ በመርፌ ሲነካ ግፊቱ በቅጽበት ተስፈንጥሮ ሊገድል ይችላል። ለልብ ትርታው ብሎ ቤታ ብሎከር ማስቀደምም እንዲሁ አደጋ ነው፤ አልፋ ብሎከር መቅደም አለበት። ስለዚህ ከመርፌ በፊት የ24 ሰዓት ሽንት ይጠራቀምና ሜታኔፍሪን ይለካ። ምርመራው እንዲህ በየላቦራቶሪው የሚገኝ አይደለም። በሽተኛው ወደ ጅማ ከተላከም ጎጀብን ተሻግሮ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለአንድ ቡና ለቃሚ ቤተሰብ የመንገዱ፣ የማደሪያው፣ የአስታማሚው ወጪ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ግፊቱን ተኝቶም ቆሞም መለካት ግን ገንዘብ አይጠይቅም። «ሲነሣብዎ ፊትዎ ይገረጣል ወይ?» ማለትም አይጠይቅም።

«እናትዎ፣ ወንድምዎ በምን አረፉ?» ማለትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1886 ፍራንክል የተባለ ሐኪም፣ ጀርመን አገር ፍራይቡርግ ውስጥ በድንገት የሞተች የ18 ዓመት ልጅ ሬሳ ሲመረመር በሁለቱም አድሬናሎቿ ላይ እብጠት መገኘቱን ጻፈ። በ2007 የዘመዶቿ ደም ተመረመረ፤ ለዚህ በሽታ የሚዳርገው የዘረ መል ጉድለት በሕይወት ባሉት ውስጥ ተገኘ።