የያሪሷ ሒሳብ

በመካከላችን ዱባይ፣ ሻርጃ ወይም ጅዳ ሠርቶ የሚያድር ወንድም ወይም እህት የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። እነዚህ ወገኖቻችን ላባቸውን አፍስሰው ያጠራቀሟትን ገንዘብ ይዘው ወደ አገር ቤት መመለስን ሲያስቡ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚታያቸው መኪና ነው። ቤት ይሠራ ቢባል መሬት ያስፈልጋል፤ ሱቅ ይከፈት ቢባል የሚታመን ሰው ያስፈልጋል፤ መኪና ግን ዓይን የሚያየው፣ እጅ የሚዳስሰው፣ በማግስቱ ሠርቶ የሚገባ ሀብት ይመስላል። እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነበርና፣ ያየነውን ብንጽፈው ሌላውን ቤተሰብ ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው ብዕር ያነሳነው።

በ2011 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማችን ሻርጃ ውስጥ በአንድ መጋዘን ሲሠራ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር። አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ደውሎ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ በቃኝ፤ አንዲት መኪና ልላክና ተከትያት ልምጣ» አላቸው። ሐሳቡ እዚህ አዲስ አበባ በስልክ በሚጠራው የታክሲ ሥራ ተሰማርቶ፣ ትዳር ይዞ ለመኖር ነበር። አባታችን ልብስ ሰፊ ናቸውና ማንኛውንም ነገር ሳይለኩ አይቆርጡም። «ተቀምጣችሁ አስሉለት፤ የስድስት ዓመት ጉልበት ነው» አሉን። እኛም በሥራችን መምህራን ነንና እርሳስና ወረቀት ይዘን ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ጥያቄ የመሪ ጉዳይ ነበር። እንደሚታወቀው አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምትነዳው በቀኝ በኩል ነው፤ ስለዚህ መሪው በግራ ያለ መኪና ያስፈልጋል። በከተማችን በብዛት የምናያት ቪትዝ ግን ለጃፓን ገበያ የተሠራች፣ መሪዋ በቀኝ የነበረ መኪና ናት። ወደ ኤምሬትስ ተጭና ትመጣና እዚያ መሪዋ ወደ ግራ ይዞራል። ዳሽቦርዱ ይቆረጣል፣ የመሪው ዘንግ ይዛወራል፣ የፍሬኑ መርገጫ ቦታ ይለወጣል። ሥራው በጥሩ ባለሙያ እጅ ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ ግን ሰው ነፍሱን በማያውቀው ብየዳ ላይ አስቀምጦ ነው የሚነዳው። ያሪስ በሌላ ስም የምትጠራ የቪትዝ እኅት ስትሆን ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የምትመጣው መሪዋ ከፋብሪካው በግራ ሆኖ ነው። ዋጋዋ ከፍ ይላል። እኛ ግን ሰው ለሚጫንባት መኪና የዋጋው ልዩነት ተገቢ ነው ብለን ያሪስ እንዲፈልግ ነገርነው።

ሁለተኛው የሞተሩ መጠን ነው። ሒሳቡን ልብ ብላችሁ ተከተሉን፤ ተማሪዎቻችንም የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። ሰው «ቀረጡ 35 በመቶ ነው» ሲባል ከመቶ ብር 35 ብር ከፍሎ የሚገላገል ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ መኪናዋ ከመድንና ከማጓጓዣ ጋር 100 ብር አወጣች እንበል። የጉምሩክ ቀረጥ 35 ብር ሲጨመር 135 ይሆናል። ኤክሳይስ ታክሱ የሚሰላው በ100 ሳይሆን በ135 ላይ ነው፤ እስከ 1300 ሲሲ ለሆነ ሞተር 30 በመቶ ስለነበር 175 ብር ከ50 ደረሰ። በዚህ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ በመጨረሻም ከመነሻው ዋጋ 3 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይታከላል። ሲጠቃለል 225 ብር ገደማ ይሆናል። የመቶ ብሯ መኪና 125 ብር ግብር ይዛ ትገባለች ማለት ነው። ሞተሯ 1500 ሲሲ ብትሆን ኖሮ ኤክሳይሱ 60 በመቶ ስለነበር ግብሩ ወደ 176 ብር ይወጣ ነበር። ከውጭ ሲያዩዋቸው የማይለዩ ሁለት ያሪሶች፣ ኮፈናቸው ሲከፈት ይህን ያህል ይራራቃሉ። ወንድማችን ለሦስት ሳምንት በየገበያው እየዞረ የ1.3 ሞተር የፈለገው በዚህ ምክንያት ነበር።

መኪናዋን ካገኘ በኋላ የሻንሲ ቁጥሯን ፎቶ አንስቶ ላከልን። እህታችን አሥራ ሰባቱን ፊደልና ቁጥር ከመላኪያ ሰነዱ ጋር በስልክ አንድ በአንድ አስተያየችው። በወረቀቱና በብረቱ መካከል አንዲት ቁጥር ብትለያይ መኪናዋ ወደብ ላይ ትቆማለችና ይህ ሥራ መናቅ የለበትም።

ከዚያም ከባዱ ነገር መጣ። ሻጩ ደረሰኙን ሊጽፍ ሲል፣ ለሻይ ስኳር ስንት ልጨምር እንደሚል ሰው ቀለል አድርጎ፣ «ስንት ብዬ ልጻፍ?» ብሎ ጠየቀው። እዚህ ያለው ትራንዚተርም በግማሽ ዋጋ ማስጻፍ የተለመደ መሆኑን ነግሮን ነበር። ወንድማችን ደወለ። «አባባ፣ ይህን ካደረግን የእማማን ወርቅ ከመሸጥ እንድናለን» አለ። እውነቱን ነበር። ለግብሩ የጎደለንን የምንሞላው በእናታችን አምባሮች እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባታችን ዝም ብለው ቆዩ። እናታችን ግን ከጓዳ ሆነው፣ «ወርቁ የኔ ነው፤ በወርቄ እያሳበባችሁ ሐሰት አታስጽፉት» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ፤ ደረሰኙ በተከፈለው ልክ ተጻፈ።

መኪናዋ ጅቡቲ ወርዳ፣ በጋላፊ ገብታ፣ ሚሌንና አዋሽን አልፋ ወደ ደረቅ ወደብ ደረሰች። እዚያ የቆየንባቸውን ቀናት አናበዛውም፤ ወረፋውን የቀመሰ ያውቀዋል። አንባብያን እንዲያውቁት የምንፈልገው ግን አንድ ነገር አለ። የዋጋ ግመታውን የሚሠራው ባለሙያ እውነተኛውን ደረሰኛችንን አየና ወደ ጎን አደረገው። በዚያ ዓይነትና በዚያ ዓመት ሞዴል ቀድሞ ከተመዘገበው ዋጋ ጋር አስተያይቶ፣ እኛ ከከፈልነው ከፍ ባለ ዋጋ ላይ ግብሩን አሰላ። ወንድማችን ገንዘቡን በባንክ ያስተላለፈበትን ወረቀት ብናሳየውም አልተለወጠም።

ወንድማችን ይህን ሲሰማ፣ «ታዲያ እኛ ከዋሸው ሰው በምን ተለየን?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። የ2006 ዓ.ም. የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859 መነሻ የሚያደርገው በእርግጥ የተከፈለውን ዋጋ ነው፤ ቅሬታ ማቅረብም ይቻላል። ነገር ግን ቅሬታው እስኪታይ ድረስ መኪናዋ የቆመችበት ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል። እኛ አቅርበን፣ ሁለት ሳምንት ጠብቀን፣ ኪራዩ ልዩነቱን ሊበላው ሲደርስ ከፍለን ወጣን። ብዙዎች ሐሰት ይጽፋሉ ተብሎ የሁሉም ወረቀት ሲናቅ፣ እውነት የሚጽፈው እያነሰ መሄዱ አይቀርም። ግመታውን የሚሠሩ ወገኖች ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን። ለወንድማችን የመለስንለት ግን፣ ሐሰቱን ጽፈን ቢሆን ኖሮም የምንከፍለው ይህንኑ ነበር፤ በዚያ ላይ ቢደረስብን ቅጣቱ ይታከል ነበር የሚል ነው። መልሱ ደስ አላሰኘውም።

ሁለት አምባሮች ተሸጡ። የቀረውን አንድ ዘመዳችን ከባንክ በወለድ እንድንበደር ሊዋሱን ፈቃደኛ ነበሩ፤ አመስግነን ተውነው። አምስት ዘመዶች ያለ ወለድ አበደሩን። አባታችን እያንዳንዱን ብድር በሁለት ምስክር ፊት አስጻፉ። ከአበዳሪዎቹ አንዱ፣ «እኛ ዘመድ አይደለንም እንዴ?» ብለው ቅር ሲሰኙ፣ በሱረቱል በቀራ ውስጥ የሚገኘው የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍ መሆኑን አስታወሷቸው። የመጨረሻው ዕዳ የተከፈለው በ2014 ዓ.ም. ነው። እነዚያ ወረቀቶች ባይኖሩ ኖሮ በመካከሉ ያረፉትን አጎታችንን ገንዘብ ከወራሾቻቸው ጋር መተሳሰብ አንችልም ነበር።

ሊብሬው የወጣው በወንድማችን ስም ነው፤ እኛ የሠራነው ከቆንስላ በላከው ውክልና ነበር። በብዙ ቤተሰብ መኪናው እዚህ ባለው ወንድም ስም ይወጣና ባለገንዘቡ ሲመለስ ጠብ ይነሳል። ውክልና ማስላክ ጥቂት ቀን ይፈጃል፤ ጠቡ ግን ዕድሜ ልክ ነው።

ወንድማችን ኅዳር 2012 ዓ.ም. ገባ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና፣ እስከ 1300 ሲሲ ለሆነ አዲስ መኪና ኤክሳይሱ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ ከ7 ዓመት በላይ የሆነው አሮጌ መኪና እስከ 500 በመቶ ተጣለበት። ያሪሷ አንድ ዓመት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ጅቡቲን ባልተሻገረች። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መኪና የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ጋር ተቆጠረ። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ግብር በብር የሚሰላ ነውና የዶላር ዋጋው ያልተለወጠ መኪናም ግብሩ አብሮ ወጣ።

ስለዚህ የኛ የ2011 ሒሳብ ዛሬ ለቅጂ አይሆንም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና እ.ኤ.አ. በ2022 ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ተወስኖ ነበር። እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች በየጊዜው ስለሚለወጡ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የዕለቱን ከጉምሩክ መጠየቅ ያስፈልጋል። ገንዘብ ለሚያንሰውም ዛሬ እንደ ዘምዘም ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ፤ ዘምዘም በ2013 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው። በሙራባሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። ውሉን አንብቦ መፈረም የገዢው ድርሻ ነው።

በቅርቡ ጅዳ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ደውሎ፣ በርካሽ ያገኛትን ኮሮላ ሊልክ እንዳሰበ ነገረን። በነዳጅ የምትሠራ ከሆነ ገንዘቡን እንዳይከፍል አጥብቀን ነገርነው። ከሳምንት በኋላ የአንዲት አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና ፎቶ ከነዋጋዋ ላከልን። ቀለሟ ያምራል። እኛም ባትሪዋ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ አሁን ሲሞላ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድና እዚህ ካሉት መሙያዎች ጋር መሰኪያዋ ይገጥም እንደሆነ ጠይቀን ጻፍንለት። መልሱን እየጠበቅን ነው።