የጎማዋ እንቁራሪት



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት የጎማ እንቁራሪት ነው። አትሳቁ! መዳፍ የማትሞላ፣ ጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሆዷ ነጭ፣ ሁለት የጎማ እግር ከኋላዋ የተንጠለጠለላት የዓሣ ማጥመጃ ናት። እሷን ስናይ ሦስታችንም የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የሠራነው ነገር ትዝ አለን።

ሦስታችንም ወረኢሉ ላይ አብረን ኪታብ የቀራን ደረሶች ነን። ያኔ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ዕድሜያችን ከአሥራ አራት አይበልጥም። ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ከፍ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ትልልቅ ዓሣ ያለው ታች ቆላው ላይ ነው። የወንጪት ወንዝ በገደል መሐል አልፎ ጃማን ይቀላቀላል፤ ጃማም አባይ ይገባል። ሸኻችን ወደ ቆላው አቅጣጫ የማሽላ ማሳ ነበራቸው። በአጨዳ ጊዜ እኛን ይዘው ይወርዳሉ።

አንድ ቀን ሥራ ጨርሰን ወደ ወንዙ ሄድን። ርቦናል። ከኛ ከፍ ያለ አንድ ልጅ «አምባዛ እንደ እንቁራሪት የሚወደው የለም፤ ግን በሕይወት መሆን አለባት፤ ስትፈራገጥ ነው የሚመጣው» ብሎ አስተምሮን ነበር። አንዳችን ያዛት፣ አንዳችን መንጠቆውን አቀበለ፣ አንዳችን ወጋት። ማን ምን እንደሠራ መናገር አያስፈልግም፤ ሦስታችንም ነበርንበት።

ሸኻችን ለዐስር ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ውኃው ሲወርዱ ደረሱብን።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«እንቁራሪት ናት ሸኽዬ፤ ለአምባዛ ነው።»

«በሕይወት አለች?»

ዝም አልን። እግሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

አልመቱንም፤ አልጮሁብንም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መንጠቆውን በገዛ እጃቸው ቀስ ብለው አወጡላት። አልተረፈችም። ከዚያ አንድ ሐኪም እንቁራሪትን ለመድኃኒት ስለ መጠቀም ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቃቸው እንዳትገደል መከልከላቸውን ነገሩን፤ ሐዲሱን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ኢብኑ ዑመር ወፍ አስረው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን አግኝተው እንዴት እንደ ተቆጡም ጨመሩልን። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ለመድኃኒት ያልተፈቀደች ለመንጠቆ ትፈቀዳለች ልጆቼ?»

በዚያ ቀን በሊጥ ሞክረን ጥቂት ትንንሽ ነጭ ዓሣ ያዝን። አምባዛ ግን ለሊጥ አልመጣም። ራታችንም ቀለል ያለ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንዳችን የኢማም ረዳት ሆንን፤ አንዳችን የደሴን መስመር የሚሠራ ሹፌር ሆነ፤ ሦስተኛችን ዲቪ ደርሶት አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። ሚኒሶታ «የአሥር ሺህ ሐይቆች ምድር» የምትባል ግዛት ናት። እዚያ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዓሣ ማጥመድ ለመደ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለዘመድ ጥየቃ ሲመጣ ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው ያችን የጎማ እንቁራሪት ነው። «ሱቅ ውስጥ ተደርድረው ሳይ እግሬ ተሳሰረ» አለን፤ «የሸኻችን ድምፅ ነው የመጣብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ባስ የሚባል አፈ ሰፊ አዳኝ ዓሣ አለ። እኛ ሐይቆች ውስጥ የለም፤ በጎረቤታችን ኬንያ ግን ናይቫሻ ሐይቅ ከገባ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ባስ በውኃ ላይ በተንጣለለ ቅጠልና ሣር ጥላ ሥር አድብቶ ይጠብቃል፤ እንቁራሪት ከላይ ስታልፍ ዘሎ ይውጣታል። እዚያም ሰዎች እንደኛው እንቁራሪትን በቁሟ ይወጉ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጄምስ ሄደን የተባለ የሚቺጋን ንብ አርቢ ከእንጨት እንቁራሪት እየቀረጸ ዓሣ እንዳጠመደባት ይነገራል። በኋላ ጎማና ፕላስቲክ መጣ።

የጎማዋ ጥበብ ቀላል ነው። ሆዷ ባዶ ስለሆነ ትንሳፈፋለች። ሁለቱ መንጠቆዎች ሽቅብ ታጥፈው ከጀርባዋ ጋር ስለ ተለጠፉ ሌላው መንጠቆ በሚተበተብበት ቄጠማ ላይ እሷ ተንሸራታ ታልፋለች። ዓሣው ሲነክሳት ገላዋ ይጨፈለቅና መንጠቆዎቹ ብቅ ይላሉ። ቅጠሉ ላይ ትወረውራታለህ፤ ክሩን ላላ አድርገህ በዘንጉ ጫፍ ነካ ነካ ስታደርጋት ግራና ቀኝ እያለች ትራመዳለች። ክፍት ቦታ ስትደርስ ታቆማታለህ። ዓሣ ብዙ ጊዜ የሚመታው እዚያ ላይ ነው። ክሩም ጠንካራ፣ የተገመደ መሆን አለበት፤ የተያዘ ዓሣ ሣር ውስጥ ስለሚቀበር።

ትልቁ ትምህርት ግን ይሄ ነው፦ ውኃው ሲፈነዳ ወዲያው አትሳብ። ዓሣው ገና አልዋጣትም። ክብደቱ እጅህ ላይ እስኪሰማህ ድረስ ቆይ፤ ከዚያ በኃይል ሳብ።

ሦስታችንም በሹፌራችን መኪና ደሴ ወርደን አደርንና በማግስቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ሐይቅ ከተማ ደረስን። የሐይቁ ውኃ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ዳር ዳሩን ግን ደንገልና ቄጠማ አለው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የሐይቅ ዓሣ ቆሮሶ፣ ማለትም ጥላፒያ ነው፤ ወደ ሐይቁ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ቆሮሶ ዋና ምግቡ ከውኃው አረንጓዴ ሽበት ስለሆነ ለእንቁራሪት ደንታ የለውም። እኛ የፈለግነው የድሮ ባለዕዳችንን አምባዛን ነበር። አምባዛ ሲመሽ ወደ ዳር ይጠጋል፤ ያገኘውን ሥጋ ሁሉ ይበላል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃው ፈነዳ። እኛም፣ ምክሩን ሁሉ ረስተን፣ በድንጋጤ ሳብን። እንቁራሪቷ ባዶዋን በአየር ላይ በርራ ከኋላችን ወደቀች። አሜሪካዊው ጓደኛችን ሣር ላይ ተንከባለለ በሳቅ። ሁለተኛው ሲመታ «ቆይ! ቆይ!» አለ። ቆየን። ክብደቱ መጣ። አንድ ክንድ የሚሆን አምባዛ እየተወራጨ ወጣ። አልሐምዱሊላህ!

ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ «ፎቶ እናንሣውና እንልቀቀው፤ እዚያ እንዲህ ነው የምናደርገው» አለ። ሹፌሩ «ሰው ምግብ ይዞ ይጥላል እንዴ? እንብላው እንጂ» አለ። እኛም ኪታብ እንደ ቀራ ሰው መሐላቸው ገባን፦ ለምግብ ማደን የተፈቀደ ነው፤ ለጨዋታ ብቻ ነፍስ ያለውን ማሠቃየት ግን ዑለሞች የጠሉት ነው፤ ዓሣው እንዲራባ ታስቦ፣ ሕግም አዞ የሚለቀቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው... ማብራሪያው ረዘመ። ጓደኛችንም መለሰ፤ ሹፌሩም ጨመረ።

በመሐል ዝቅ ብለን አየን። አምባዛው ሣሩ ላይ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ነበር። አምባዛ ከውኃ ውጭም ቶሎ አይሞትም። ጅራቱ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል።

ሦስታችንም ዝም አልን። ያቺ እግር ናት የታየችን።

ሱብሓነላህ! ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እንቁራሪቷን እንዳንወጋ ብለን በጎማ ተክተን፣ ስለ ርኅራኄ እየተከራከርን ሌላ ነፍስ እግራችን ሥር እናሠቃያለን። ጓደኛችን ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሹፌሩ ድንጋይ አንሥቶ ጭንቅላቱን በአንድ ምት መታውና አሳረፈው። ፎቶ የለንም። መግሪብን ሰግደን ዓሣውን አሠርተን በላን። ያንን ለሸኻችን ብናወራላቸው ደስ ባለን፤ ግን ወደ አኼራ ከሄዱ ቆይተዋል። አላህ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ኑር ያድርግላቸው።

ወንድሜ፣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ከወረድክ የምንልህ ጥቂት ነው። እንቁራሪት በቁሟ አትውጋ፤ ሊጥም የጎማዋም አለልህ። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃ ውስጥ የሚበትኑትን አትከተል፤ ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። የጣናን ገባር ወንዞች ዓሣ በመራቢያው ወቅት ከጎዱት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። የምትበላውን ያህል ያዝ። የያዝከውን ደግሞ ቶሎ አሳርፈው፤ ዓሣ መታረድ ስለማያስፈልገው ሥቃዩ ይረዝም ማለት አይደለም። የምትለቀው ከሆነም መንጠቆውን ቶሎ አውጥተህ ወደ ውኃው መልሰው። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የጎማዋ እንቁራሪት አሁን እኛ ዘንድ ናት፤ ኪታቦቻችን ካሉበት መደርደሪያ ላይ። የመስጂዳችን ልጆች ሲያዩዋት ይስቃሉ፤ ከዚያ «ምን ትሠራለች?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም ከወንጪት እንጀምርላቸዋለን።

አላህ በእጃችን ለገባ ነፍስ ሁሉ የሚያዝን ልብ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።