ትንሽ ሽጉጥ፣ ኃይለኛ ጥይት

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ሪቮልቨር ለሽያጭ ሲቀርብ ብዙው ሰው የሚያየው የብረቱን ጥቁረትና የእጀታውን እንጨት ነው። እኔ ቀድሜ የማየው የበርሜሉን መነሻ፣ ጥይቱ ከተሽከርካሪው የጥይት ቋት ወጥቶ የሚገባበትን ጠርዝ ነው። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 19 ሕመም እዚያ ነውና።

ይህ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲወጣ .357 ማግነምን የሚያህል ጥይት በመካከለኛ አካል ላይ ማስቻሉ ትልቅ ነገር ነበር። ቀኑን ሙሉ ታጥቆ ለሚውል ፖሊስ የክብደቱ ነገር ቀላል አይደለም። ልምምዱ ግን በአብዛኛው በለስላሳው .38 ስፔሻል ነበር። በኋላ ፖሊሶች በማግነሙ ራሱ ይለማመዱ ጀመር፤ 125 ግሬን የምትመዝነው ፈጣን ጥይትም ተለመደች። ችግሩ የጎላው ያኔ ነው።

የበርሜሉ መነሻ ከሥር በኩል ቦታ ስለጠበበ ጠፍጠፍ ተደርጎ ተሞርዷል፤ ብረቱ የሚሳሳውም እዚያው ላይ ነው። ትኩስ ጋዝና ያልተቃጠለ ባሩድ ደጋግሞ ሲገርፈው ይበላል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ለዚህም መልስ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወፈር ያለ አካል ያላቸውን ሞዴል 586ንና 686ን አመጣ።

ሞዴል 19ን ደካማ የሚሉትን አልቀበልም። ለታሰበለት ሥራ ግሩም መሣሪያ ነው፤ በተለይ የቃታው ልስላሴ! ያላችሁ ሰዎች፣ ልምምዱን በ.38 አድርጉት። ጥይቱን አራግፋችሁ ያንን ጠርዝ በባትሪ እዩት፤ ስንጥቅ ካለ፣ ባለሙያ ሳያየው አንድም ጥይት አትተኩሱበት።