በብርድ ወራት ጉንዳኖችን ስለ ማሳረፍ

ሰው በቤቱ የሚያኖረው እንስሳ ሁሉ የየራሱ አገልግሎት አለው፤ ላም ስለ ወተቷ፥ ውሻ ስለ ጥበቃው፥ ድመትም ስለ አይጥ ይፈለጋሉ። በአውሮፓ ግን ለትምህርትና ለደስታ ብለው ጉንዳንን በመስተዋት ቤት የሚያኖሩ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እኔም ከቤተ ሰቤ ጋራ በእንግሊዝ አገር ስለምኖር፥ የዐሥር ዓመት ልጄም ይህን ሥራ ስለ ወደደች፥ በዚሁ ነገር ያየሁትንና የተማርሁትን ለአንባቢዎች ላካፍል ወደድሁ።

የልጄ ጉንዳኖች በአገራችን ቁጫጭ የምንላቸውን የሚመስሉ፥ በእንግሊዝ አትክልት ስፍራ ሁሉ የሚገኙ ጥቁሮች ናቸው። ንግሥቲቱ በሐምሌ ወር ለጋብቻ በርራ፥ ክንፏንም ጥላ በመንገድ ዳር ስትሄድ ተገኘች። መኖሪያዋ ግማሹ ውሃ የተሞላ፥ ውሃውም በጥጥ የተከተረ የመስተዋት ቱቦ ነው። የፊተኞቹ ሠራተኞች እስኪወጡ ድረስ ምግብ አልቀመሰችም፤ ከሰውነቷ ስብና ከእንግዲህ ከማያስፈልጋት ከክንፏ ጡንቻ እየከፈለች ልጆቿን አሳደገች።

እኛ ክረምት ስንል ዝናቡን እናስባለን፤ የእንግሊዝ ክረምት ግን ከኅዳር እስከ የካቲት የሚቆይ ብርድ ነው። በጥቅምት ጉንዳኖቹ ማር አብዝተው ጠጡና ሆዳቸው ተነፋ፤ ንግሥቲቱም ዕንቁላል መጣሏን አቆመች፤ ሁሉም ተጠጋግተው ዝም አሉ። ይህ በሽታ አይደለም፤ የዕረፍታቸው ጊዜ መድረሱ ነው። በዚህ ጊዜ አዝኖላቸው በሞቀ ክፍል የሚያቆያቸው ሰው ይጎዳቸዋል እንጂ አይጠቅማቸውም፤ ዕረፍት ያጣች ንግሥት ትደክማለችና።

ስለዚህ ቱቦውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ቀዝቃዛ ስፍራ አዛወርነው፤ ከዚያም በካርቶን ሣጥን ሸፍነን ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖርነው። የማሩን ትራፊ እንዳይሻግት አወጣን፤ ውሃው ግን እንዳይጎድል ተጠነቀቅን፤ በዚህ ወራት ከረኃብ ይልቅ የሚያስፈራቸው ጥማት ነውና። በሙቅ አገር የተወለደ ጉንዳን እንዲህ ያለውን ብርድ አይችለውም፤ ጠባቂው አስቀድሞ የጉንዳኑን የትውልድ አገር ሊያውቅ ይገባዋል።

ለልጄ ግን ይህ ሁሉ ጭካኔ መሰላት። በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ከመኝታዋ ተነሥታ በማቀዝቀዣው ፊት ቆማ አገኘኋት። «አባባ፥ ሞተው ቢሆንስ? በእጄ ላሙቃቸው» አለችኝ። «ልጄ፥ ብታሞቂያቸው ይነቃሉ፤ ሲነቁም ለብርዱ ያኖሩትን ስብ በከንቱ ይጨርሳሉ» ብዬ መለስሁላት። እያለቀሰች ወደ መኝታዋ ገባች፤ ነገር ግን ሣጥኑን አልነካችም። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ውሃውን ብቻ አይታ ቀኑን በደብተሯ ትጽፍ ነበር። መጋቢት ሲገባ ቱቦውን ስናወጣው ከሠራተኞቹ ሦስቱ ሞተዋል፤ ንግሥቲቱ ግን ጥቂት ቆይታ እግሯን አነቃነቀች። ልጄም አንዲት ጠብታ ማር በጥንቃቄ አቀረበችላቸው።

የዚህች ፍጥረት ዕድሜ የሚያስደንቅ ነው። ሰር ጆን ሉቦክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ ያኖራት ንግሥት እስከ 1888 ዓ.ም. ኖራለች። እርሱም ጉንዳኖች በጥቅምት የክሽክሽን ዕንቁላል ወደ ጎሬያቸው አግብተው ብርዱን ሁሉ እንደሚጠብቁት፥ በመጋቢትም ግልገሎቹን ወደ ተክሉ እንደሚመልሱ ገለጠ። ከጥቁሮቹ ጉንዳኖች ወገን የሆነች ሌላዪቱ ንግሥት ደግሞ በሰው እጅ ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች። እንግዲህ የልጄ ንግሥት በደኅና ብትጠበቅ፥ ልጄ ራሷ እናት እስክትሆን ልትቆይ ትችላለች።

ጠቢቡ ሰሎሞን ታካቹን ሰው ትጋት ይማር ዘንድ ወደ ጉንዳን ልኮታል። የእንግሊዙ ጥቁር ጉንዳን እህል አያከማችም፤ ጎተራው የገዛ ሰውነቱ ነው፤ ጎተራውንም የሚያድንለት በጊዜው ማረፉ ነው። እኛም ወላጆች ልጅ ዝም ባለ ጊዜ ሁሉ ታመመ፥ ባረፈም ጊዜ ሁሉ ሰነፈ ብለን አንነቅንቀው፤ ውሃው አለመጉደሉን እያየን እስኪነሣ እንታገሠው።